ሃዋይ ላይ ሰው መጀመሪያ የሰፈረው መቼ ነው? ሦስት ጽሑፍ፣ ሦስት የተለያየ ዘመን

የባሕር ልጅ
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሰሞኑን ስለ ፖሊኔዥያ ባሕረኞች እያነበብኩ ነው። ታንኳ ሠርተው፣ ኮከብና ማዕበል እያዩ፣ በዓለም ትልቁን ውቅያኖስ ያቋረጡ ሰዎች ናቸው። ልቤን ወስደውታል። ግን ቀላል የመሰለኝ አንድ ጥያቄ ላይ ተሰናክዬ ቀርቻለሁ። ሃዋይ ላይ ሰው መጀመሪያ የሰፈረው መቼ ነው?

አንድ የቆየ መጽሐፍ 300 አካባቢ ይላል። ሌላው 1000 ይላል። ሦስተኛው ደግሞ "ከ1200 በኋላ ነው" ብሎ ድርቅ ይላል። (ሁሉም እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚህ በታችም በዚያው እንቀጥል።) በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል 900 ዓመት አለ። ሰው ተወልዶ፣ ወልዶ፣ የልጅ ልጅ አይቶ የሚሞትበት ዘመን ስንት ጊዜ ይገባበታል! ሦስቱም በራዲዮካርቦን (በቅሪት ውስጥ ያለው ራዲዮአክቲቭ ካርቦን በጊዜ ብዛት ምን ያህል እንደቀነሰ በማየት) ተለካ ይላሉ። ታዲያ እንዴት ይሄን ያህል ይራራቃሉ? የሚያውቅ ያስረዳኝ፣ እባካችሁ።

ከሰል መርማሪ
ወንድሜ፣ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነው። ከመጀመሪያው ልኬት ልጀምርልህ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ሁለት ዓመት የተቃጠለ እንጨት በማይክሮስኮፕ ስለይ ነው የቆየሁት፤ ስለዚህ ረዘም ካልኩ ታገሱኝ።

1950 ላይ የቢሾፕ ሙዚየሙ ኬኔት ኤመሪ ተማሪዎቹን ይዞ ኦአሁ ደሴት ላይ ኩሊኦውኦው የሚባል የድንጋይ መጠለያ ይቆፍር ነበር። በዚያን ጊዜ የሃዋይን ዘመን ከመሬት ቆፍሮ አገኛለሁ ማለት ብዙ ተስፋ የሚጣልበት ነገር አልነበረም። ሃዋይ ላይ የጥንት ሸክላ የለም። ሌላ አገር ያለ ቆፋሪ የሸክላ ስብርባሪ አገላብጦ "ይሄ የቆየ ነው፣ ይሄ የቅርብ ነው" ይላል። ኤመሪ ያ መንገድ ተዘግቶበት ነበር። ከጉድጓዱ ያወጣውን ከሰል ለዊላርድ ሊቢ ላከለት። ሊቢ የራዲዮካርቦንን ልኬት ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ የጀመረው ሰው ነው፤ በዚሁ ሥራው 1960 ላይ የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልሟል። መልሱ 1004 ሆኖ መጣ፤ ሲደመር ሲቀነስ 180 ዓመት። ከመላው ፖሊኔዥያ የመጀመሪያው የራዲዮካርቦን ዕድሜ ይሄ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቁፋሮው በየደሴቱ ቀጠለ። በትልቁ ደሴት ደቡባዊ ጫፍ፣ ካ ላኤ ላይ፣ ከአሸዋ ክምር ሥር ብዙ የዓሣ መንጠቆ ወጣ። ከዚያው ከተገኘ ከሰል አንዱ ወደ 2ኛው ክፍለ ዘመን የሚጠጋ ዕድሜ ሰጠ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ኦአሁ ላይ ቤሎውስ የተባለ ዳርቻ፣ ሞሎካይ ላይ ሃላዋ ሸለቆ ተቆፈሩ። ከ1000 በፊት የሚወርዱ ቁጥሮች መጡ። ያ 300 የሚለው መጽሐፍህ ከዚህ ዘመን የመጣ ነው።

ስህተቱ የት ነበር? ማሽኑ ላይ አይደለም። ራዲዮካርቦን የሚነግርህ ሰውዬው እሳት ያነደደበትን ቀን አይደለም። ያ እንጨት ከአየር ላይ ካርቦን መውሰድ ያቆመበትን ቀን ነው። ዛፍ ደግሞ በየዓመቱ አዲስ ቀለበት በላዩ ላይ ይደርባል። ከቅርፊቱ ሥር ያለው የዘንድሮ ነው፤ መሃል ልቡ ላይ ያለው ግን ካርቦን መቀበል ካቆመ 200 ወይም 300 ዓመት ሊሆነው ይችላል። ትልቅ ግንድ ፈልጠህ ብታነድ፣ ከመሃሉ የወጣችው ከሰል ትናንት ነድዳም ቢሆን 300 ዓመት ትቆጥራለች። አልዋሸችም። እኛ ነን ያልጠየቅናትን እንደመለሰችልን የቆጠርነው።

በዚያ ላይ የድሮው ልኬት ብዙ ከሰል ይፈልግ ነበር። ስለዚህ ከአንድ ንብርብር የተለቀመው ሁሉ ተደባልቆ ባንድ ላይ ይለካ ነበር። ጭራሮውም፣ ግንዱም፣ ከሌላ ዘመን ተንሸራቶ የገባውም። የሚወጣው ቁጥር የሁሉም አማካይ ነው፤ የማንም ዕድሜ አይደለም።

ሰማያዊ ሸራ
ከሰል መርማሪ፣ ባነበብኩት ላይ አንድ ልጨምር። ሃዋይ ላይ ችግሩ የሚብሰው በተንሳፋፊ እንጨት ነው። ከሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ የወደቁ ግዙፍ የጽድ ዘመድ ግንዶች በሞገድ ተገፍተው ሃዋይ ይደርሳሉ። ሃዋይያውያን እነዚያን ግንዶች እንደ ትልቅ ስጦታ ነበር የሚቀበሏቸው፤ ታንኳ ይሠሩባቸው ነበር። አሁን አስቡት። አንድ ዛፍ አሜሪካ ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት ያድጋል። ይወድቃል። ውቅያኖስ ላይ ይንከራተታል። ዳርቻ ላይ ይተኛል። ታንኳ ይሆናል። ታንኳው ያረጃል። መጨረሻ ላይ ስብርባሪው ማገዶ ይሆናል። ከዚያ እኛ መጥተን ከሰሉን እናነሳና "ሰው እዚህ የደረሰው በዚህ ዘመን ነው" እንላለን!

ተጠራጣሪው
ቆይ፣ ቆይ። ይሄ ነገር ለእኔ አልዋጥ ብሎኛል። ቁጥሩ ሲያረጅባችሁ "አሮጌ እንጨት ነው" ትላላችሁ። ሲያንስ ደግሞ "ትክክለኛው ይሄ ነው" ትላላችሁ። እንዲህ ከሆነ ምስክሩን ሳይሆን የምትፈልጉትን ፍርድ ነው የምትመርጡት። ደግሞ የሰፈራ መጀመሪያ ስትፈልግ የምትፈልገው በጣም የቆየውን አይደል እንዴ? በጣም የቆየውን እያባረራችሁ የመጀመሪያውን እንዴት ታገኙታላችሁ?

ከሰል መርማሪ
ጥያቄህ ትክክል ነው። በቅንነት ልመልስልህ።

የሚጣለው ቁጥሩ ታይቶ ከሆነ አንተ ያልከው ሁሉ ልክ ነው፤ ማጭበርበር ይሆናል። መጣል የሚቻለው ዕቃው ታይቶ ነው። ከሰሏ ወደ ማሽኑ ከመሄዷ በፊት። እንዴት እንደሆነ ላሳይህ። የጥፍር ስባሪ የምታክል ከሰል ታነሳለህ። በጣትህ ሰበር ታደርጋታለህ፤ ቀጭ ብላ ትሰበራለች። አዲሱን ስብራት ወደ ላይ አድርገህ ማይክሮስኮፕ ሥር፣ ብርሃን ከጎን እያበራህ ታያታለህ። ጥቁር የማር እንጀራ ትመስላለች። ውኃ የሚሄድባቸው ቀዳዳዎች ተደርድረው ይታያሉ፤ አንዱ ዛፍ ላይ ነጠላ ነጠላ፣ ሌላው ላይ ሁለት ሦስት ሆነው ተጣብቀው። በዚያ አደራደር የዛፉን ዓይነት ትለያለህ። ቀለበቶቹ በጣም ከጎበጡ ከቀጭን ጭራሮ የመጣች ናት። ቀጥ ካሉ ከወፍራም ግንድ ናት። ጭራሮዋን ትወስዳለህ። ግንዱን ትተዋለህ። እስከዚህ ድረስ ዕድሜዋን ማንም አያውቅም።

ከጭራሮም የሚሻል አለ። ፖሊኔዥያውያን ይዘውት የመጡት ኩኩይ የሚባል ዛፍ አለ፤ ፍሬው ዘይት ስላለው ለመብራት ያነድዱት ነበር። የአንድ ፍሬ ቅርፊት ዕድሜው አንድ ዓመት ነው። ደግሞ ሰው ሳያመጣው ሃዋይ ላይ ሊኖር አይችልም። ከእሱ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል?

2011 ላይ ጃኔት ዊልምስኸርስት፣ ቴሪ ሃንት፣ ካርል ሊፖና አቶል አንደርሰን ከምሥራቅ ፖሊኔዥያ ቢያንስ ከ45 ደሴቶች 1434 የራዲዮካርቦን ልኬቶችን ሰብስበው በዚህ መንገድ ለዩ። ዕድሜያቸው አጭር የሆኑ ዕፅዋት ላይ የተለኩት ብቻ ሲቀሩ ያ የተበታተነ ቁጥር ተሰበሰበ። ታሂቲ ያለችበት የሶሳይቲ ደሴቶች ከ1025 እስከ 1120 ባለው ጊዜ፣ የቀሩት ሩቅ ደሴቶች ደግሞ፣ ሃዋይም ኒውዚላንድም ራፓ ኑዪም (ኢስተር ደሴት) ሳይቀሩ፣ ከ1190 እስከ 1290 ባለው ጊዜ ተያዙ አሉ። ከጫፍ ጫፍ በመቶ ዓመት ውስጥ! ሦስተኛው ጽሑፍህ ከዚህ የመጣ ነው፣ የባሕር ልጅ።

"በጣም የቆየውን እያባረራችሁ" ላልከው ግን፣ የቆየ ቁጥር ሁሉ የቆየ ሰው አይደለም። ልኬት ሁሉ የራሱ ስህተት አለው፤ ወደፊትም ወደኋላም ይወዛወዛል። ከመቶ ልኬት በጣም የቆየችውን አንዷን ብትመርጥ የመረጥከው የመጀመሪያውን ሰው ሳይሆን በጣም የተሳሳተችውን ልኬት ሊሆን ይችላል።

የድሮ መምህር
ልጆች፣ አንድ የዘነጋችሁት ነገር አለ። ሃዋይያውያን ራሳቸው ታሪካቸውን ያውቁ ነበር። የአለቆቻቸውን የዘር ሐረግ በቃላቸው ይዘው ትውልድ በትውልድ ሲያወርዱ ኖረዋል። ራዲዮካርቦን ከመታሰቡ በፊት፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ አብርሃም ፎርናንደር የተባለ ሰው እነዚያን የዘር ሐረጎች ሰብስቦ ትውልድ በመቁጠር የሰፈራውን ዘመን ለማግኘት ሞክሯል። ለአንድ ትውልድ 30 ዓመት ይሰጥ ነበር። ከደቡብ ደሴቶች ሰዎች ወዲያ ወዲህ የሚመላለሱበት የጉዞ ዘመን እንደነበር ከትረካዎቹ አውጥቶ ጽፏል። ይህን የቃል ታሪክ ቆፋሪዎቹ ለረጅም ጊዜ ተረት ነው ብለው ገፍተውታል። ቅር ያሰኛል።

የባሕር ልጅ
መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ የጻፉትን አንብቤ ብዕርና ወረቀት አነሳሁ። ለምሳሌ ያህል፣ ካፒቴን ኩክ ሃዋይ ከደረሰበት ከ1778 ወደኋላ 40 ትውልድ የሚቆጥር ሐረግ አለ እንበል። ለትውልድ 30 ዓመት ከሰጠን 578 ላይ ያደርሰናል። 25 ከሰጠን 778። 20 ከሰጠን 978። ሐረጉ አንድ ነው፤ ስሞቹም አልተነኩም። የተለወጠው እኛ ያባዛንበት ቁጥር ብቻ ነው። በ20 ሲባዛ ደግሞ ከአዲሶቹ ልኬቶች ጋር ይቀራረባል። ምናልባት የተሳሳተው ሐረጉ ሳይሆን ማባዣው ይሆን?

የድሮ መምህር
ጎበዝ። እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ለትውልድ 20 ዓመት መስጠት ይሻላል ያሉት በዚሁ ምክንያት ነው። አለቃ በወጣትነቱ ነው የበኩር ልጁን የሚወልደው።

ሰማያዊ ሸራ
መምህር ያሉትን የመመላለስ ጉዞ የሚደግፍ አንድ ድንጋይ አለ። ከሃዋይ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት፣ ቱአሞቱ በሚባሉት ደሴቶች የተገኘ የድንጋይ መጥረቢያ ነው። 2007 ላይ ኬሚስትሪው ሲመረመር ድንጋዩ ከሃዋይዋ ካሆኦላዌ ደሴት የተፈለጠ ሆነ። ቱአሞቱ ዝቅ ያለ የኮራል ደሴት ነው፤ እንዲህ ዓይነት ድንጋይ የለውም። አንድ ሰው በታንኳ ይዞት ሄዷል ማለት ነው። 1976 ላይም ሆኩሌያ የተባለችው ባለ ሁለት ቀፎ ታንኳ ያለ ኮምፓስ ከሃዋይ ታሂቲ ደርሳለች። መሪዋ የማይክሮኔዥያው ማው ፒያይሉግ ነበር። ትረካው የሚለው ጉዞ ይቻል ነበር።

ዘር ለቃሚ
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የሥነ ሕይወት ሰው ነኝ፤ ስለ ሰው ሳይሆን ስለ አይጥ ልናገር ነው የመጣሁት።

የፓስፊክ አይጥ የምትባል ትንሽ አይጥ አለች። ውቅያኖስ ዋኝታ አታቋርጥም። ታንኳ ውስጥ ገብታ ነው የምትመጣው። ስለዚህ የአይጥ አጥንት ባለበት ደሴት ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ ደርሷል። ይሄ ብልህ መንገድ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ጥቂት ናቸው፣ አይጥ ግን ቶሎ ትራባለች።

ግን እዚህም ወጥመድ አለ። 1996 ላይ ከኒውዚላንድ የአይጥ አጥንቶች ወደ 2000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ወጣ። ትልቅ ወሬ ሆነ፤ ሰው ከታሰበው ከ1000 ዓመት በላይ ቀድሞ ደርሷል ተባለ። አጥንት ሲለካ የሚለካው ውስጡ ያለው ፕሮቲን ነው። ያ ፕሮቲን በደንብ ካልጸዳ የሚወጣው ቁጥር አይታመንም። ስለዚህ ዊልምስኸርስትና ባልደረቦቿ ሌላ ምስክር ፈለጉ፤ አይጥ የበላችውን ዘር።

የዚያን ዘር ፎቶ አይቼ አልረሳውም። ጠንካራ ቅርፊት ያለው ትንሽ ዘር ነው። ጎኑ ላይ ቀዳዳ አለ። የቀዳዳው ጠርዝ ላይ ደግሞ ጥንድ ጥንድ የሆኑ ቀጫጭን ጭረቶች በመደዳ አሉ። የሁለቱ የፊት ጥርሶች አሻራ ነው። የኒውዚላንድ ወፍ እንዲህ አድርጋ አትበላም፤ በምንቃሯ ትሰነጥቀዋለች። ስለዚህ ዘሩን አንስተህ በዓይንህ "ይሄን አይጥ በልታዋለች" ማለት ትችላለህ። ያንኑ ዘር ራሱን ደግሞ በራዲዮካርቦን ትለካዋለህ። ምስክሩና የተለካው ነገር አንድ ነው! በመካከላቸው የሚገባ ግምት የለም። 2008 ላይ ውጤቱ ወጣ። በአይጥ የተበላ ዘር ሁሉ ከ1280 አካባቢ ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት ያሉ ዘሮች ላይ የጥርስ አሻራ የለም። የድሮዎቹ አጥንቶች የተገኙባቸው ቦታዎችም እንደገና ተለክተው ወደዚያው መጡ።

ሃዋይ ላይም አይጥ ትልቅ ቦታ አላት። ኦአሁ ደሴት ላይ ኤዋ በሚባለው ሜዳ በኖራ ድንጋይ ጉድጓዶች ውስጥ አጥንቷ ተገኝቷል። እዚያው ካለ ኩሬ በተወሰደው ደለል ውስጥ የአገሩ ዘንባባ የአበባ ብናኝ ባንድ ጊዜ ያሽቆለቁላል። ስቲቨን አተንስና ባልደረቦቹ ሰው ሜዳውን ሳይሰፍርበት በፊት አይጥ ዘሩን እየበላች ጫካውን ጨርሳዋለች ብለው አስረድተዋል። እኔ ይሄን ሳነብ አዝኛለሁ። ጫካው ያለቀው ምሳር ሳይነካው ነው።

ተጠራጣሪው
የዘሩ ነገር አሳምኖኛል፣ እህቴ። ለሃዋይ ግን ገና ነኝ። አንድ ነገር ልጠይቅ። ብዙ ቦታ "ከአሁን በፊት 946 ዓመት" የሚል አጻጻፍ አያለሁ። ከየትኛው አሁን? መጽሐፉን ዘንድሮ ሳነበውና የዛሬ 20 ዓመት ስታነበው አንድ አይሆንም እኮ።

ሰማያዊ ሸራ
"አሁን" 1950 ላይ ቆሞ ቀርቷል። በስምምነት ነው። 1950 ሲቀነስ 946፣ የሊቢ 1004 ይሆናል። ከዚያ በኋላ የኒውክሌር ቦምብ ሙከራዎች የአየሩን ራዲዮካርቦን በጣም ስላዛቡት 1950 ጥሩ ወሰን ሆነ።

ሌላው ደግሞ፣ በየዘመኑ አየር ላይ ያለው ራዲዮካርቦን እኩል አይደለም። ስለዚህ ጥሬው ቁጥር በዛፍ ቀለበት ይስተካከላል። ቀለበቶቹ አንድ በአንድ ስለሚቆጠሩ የእያንዳንዱ ዓመት ታውቆ ራዲዮካርቦኑ ይለካል። የድሮዎቹ ቁጥሮች እንዲህ ሳይስተካከሉ ነው የተጻፉት። ዛጎልና የባሕር እንስሳ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ የባሕር ውኃ አሮጌ ካርቦን ስላለው በአማካይ 400 ዓመት ያህል ያስረጃል።

ራዲዮካርቦንን ጭራሽ የማይነካ መንገድም አለ። ኮራል ሲያድግ ከባሕሩ ውስጥ ዩራኒየም ይወስዳል። ዩራኒየሙ በታወቀ ፍጥነት ወደ ቶሪየም ይለወጣል። የሁለቱ መጠን ሲለካ ኮራሉ መቼ እንዳደገ ይታወቃል። ቶንጋ ውስጥ ኑኩሌካ በሚባል ቦታ የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ከኮራል ቅርንጫፍ የሠሩት ሞረድ ተገኘ። 2012 ላይ የወጣው ዕድሜ 2838 ዓመት ነው። ስህተቱ ስንት ነው? ሲደመር ሲቀነስ 8 ዓመት! ከሊቢ 180 ጋር አስተያዩት።

የባሕር ልጅ
8 ዓመት! ግን ቶንጋ 2800 ዓመት ከሆነ፣ ምሥራቁ ደግሞ 1000 ዓመት ገደማ ከሆነ፣ መሃል ላይ ያሉት 1800 ያህል ዓመታት ሰዎቹ ምን ያደርጉ ነበር?

ሰማያዊ ሸራ
ቶንጋና ሳሞዋ አካባቢ ኖሩ። ይሄ "ረጅሙ ዕረፍት" ይባላል። ለምን ቆሙ፣ ለምንስ ተነሡ የሚለው ራሱን የቻለ ክር ይወጣዋል። ነፋስ የሚሉ አሉ፣ ድርቅ የሚሉ አሉ፣ የታንኳ አሠራር የሚሉ አሉ።

የድሮ መምህር
አይስላንድንም አትርሱ። እዚያ የመጀመሪያው ሰፈራ ቅሪት ያለው በአንድ የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብር አጠገብ ነው፤ አብዛኛው ከላዩ። ያው አመድ ግሪንላንድ በረዶ ውስጥም ተገኘ። በረዶው ዓመት በዓመት ይቆጠራል። መጀመሪያ 871 ሲደመር ሲቀነስ 2 ተባለ፤ በኋላ ተስተካክሎ 877 ሲደመር ሲቀነስ 1 ሆነ። የአይስላንድ ጥንታዊ ጽሑፍም ሰፈራው የተጀመረው 870 አካባቢ ነው ይላል። አመዱና ጽሑፉ ተገናኙ። ሰው ያቆየውን ቃል ቶሎ አትጣሉ የምለው ለዚህ ነው።

ከሰል መርማሪ
መምህር፣ እዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። አሁን የባሕር ልጅ የጠየቀውን ልጨርስ፤ 1000 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ?

የ2011ዱ ሥራ ሲወጣ ሁሉም እጁን አልሰጠም። ማጣሪያው በጣም ጠበበ ያሉ ነበሩ። አስቡት፤ ብዙ የቆዩ ቦታዎች ጭራሮ ላይ ገና አልተለኩም። የተለካው ብቻ ሲቆጠር "ማስረጃ የለም" እና "ሰው የለም" አንድ ይሆናሉ። 1220 ምናምን የሚለው የሃዋይ ቁጥርም በመጀመሪያ የመጣው ከትልቁ ደሴት ነው። ሰው መጀመሪያ የሰፈረው ኦአሁ ወይም ካዋይ ከሆነስ?

አተንስ፣ ቲሞቲ ሪዝና ቶማስ ዳይ 2014 ላይ ሌላ መንገድ ሄዱ። እኔ በጣም የምወደው ሥራ ነው። በጣም የቆየችውን ከሰል ማሳደድ ተዉ። ነገሩን እንደ ድንበር አዩት። ከድንበሩ ወዲያ ሰው ያልነበረበት ዘመን አለ፤ ደለሉ ውስጥ የከሰል ብናኝ የለም፣ ጫካው አልተነካም። ከድንበሩ ወዲህ ሰው ያመጣቸው ነገሮች አሉ፤ የአይጥ አጥንት፣ ኩኩይ፣ ሌሎችም ከታንኳ የወረዱ ዕፅዋት። ከሁለቱም ወገን ያሉ ልኬቶች ባንድ ስሌት ውስጥ ገቡ። ስሌቱ የሚጠየቀው "ድንበሩ የት ላይ ቢሆን እነዚህ ሁሉ ልኬቶች ይስማማሉ?" ተብሎ ነው። መልሱ ከ940 እስከ 1130 ሆነ፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት። ሚዛኑ የሚደፋው ደግሞ ከ1000 እስከ 1100 ባለው ላይ ነው።

እኔ የማምነው ይሄን ነው። ከ1200ው ጋር የሚጣላም አይመስለኝም። አንዱ መጀመሪያ የደረሱበትን፣ ሌላው ሰው በርክቶ በየቦታው አሻራው የሚታይበትን ዘመን እየነገሩን ይሆናል።

ፓትሪክ ኪርችንም ላንሳ። በወጣትነቱ ቤሎውስንም ሃላዋንም ቆፍሯል። ቀድሞ ደረሱ ከሚሉት ዋነኛው ነበር፤ 1985 ላይ የጻፈው የብዙዎቻችን መነሻ ነው። ከዚያ ሃላዋ ላይ ራሱ የቆፈረው ቦታ ከአጭር ዕድሜ ዕፅዋት በተገኘ ከሰል እንደገና እንዲለካ አደረገ። 2007 ላይ ሲወጣ ቦታው በብዙ መቶ ዓመታት ወደ እኛ ቀረበ። 2011 ላይም ሰፈራው 1000 አካባቢ ነው ብሎ ጻፈ። ሰው በወጣትነቱ የገነባውን በገዛ እጁ ሲያፈርስ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ተጠራጣሪው
እሺ፣ አሁን ገባኝ። ይሄ የድንበር ነገር ነው የጎደለኝ። አንድ ነገር ግን ላስመዝግብ። የመጀመሪያው ታንኳ ላይ ስንት ሰው ይኖራል? 30? 50? ዳርቻ ላይ ሰፍረው፣ እሳት አንድደው፣ ዓሣ በልተው የተዉት ነገር የአንድ ግቢ ያህል ስፋት ላይኖረው ይችላል። ትልቁ ደሴት ደግሞ በራሱ ክብደት በየዓመቱ እየሰመጠ ነው። የዚያን ጊዜ ዳርቻ ዛሬ ከባሕር ሥር ነው። ያንን ምድጃ ቆፍሮ የሚያገኝ ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም።

ዘር ለቃሚ
ለዚህ ነው ኩሬና ረግረግ የሚሻለው። ምድጃውን ማግኘት አያስፈልግህም። ጭሱ ኩሬው ውስጥ ወርዷል፤ አይጧም ጫካ ገብታለች።

ተጠራጣሪው
ይሄንን ወድጄዋለሁ። ተቀብያለሁ።

የባሕር ልጅ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ ወደ ሊቢ ቁጥር ተመለስኩ። 1004፣ ሲደመር ሲቀነስ 180። ሰማያዊ ሸራ እንዳለችው ሳይስተካከል ነው፤ ግን በጥሬው እንየው። ያ 180 አንድ እርምጃ (በስታቲስቲክስ አንድ መደበኛ ልዩነት፣ 68 በመቶ ያህል እርግጠኛ የሚያደርግ) ብቻ ነው አይደል? 95 በመቶ እርግጠኛ ለመሆን ሁለት እርምጃ መሄድ አለብኝ። ከ644 እስከ 1364 ይሆናል። የአተንስ 940–1130 ውስጡ ነው። የዊልምስኸርስት 1190–1290ም ውስጡ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ ያንን 720 ዓመት ማጥበብ ነበር።

የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ፣ ከሰል መርማሪ። ኤመሪ የላካት ከሰል የምን ዛፍ ነበረች? ጭራሮ ናት ወይስ ግንድ?

ከሰል መርማሪ
በዚያን ጊዜ ዛፉን ለይቶ መላክ ልማድ አልነበረም፤ ጥያቄው ራሱ ገና አልተጠየቀም። የሊቢ አሠራር ደግሞ ናሙናውን አቃጥሎ ጋዝ ያደርገውና መልሶ ጥቁር የካርቦን ዱቄት ያደርገዋል፤ የሚለካው ዱቄቱ ነው። ቀዳዳዎቹም ቀለበቶቹም እዚያው ጠፍተዋል።